የኖታ ሶፍትዌር ምርጫ፦ የሚያስቸግራችሁ ማስገባቱ ነው ወይስ ገጹ?

"የቱ የኖታ ሶፍትዌር ይሻላል?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። የሚመልስለትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለመደውን ይመክራል። እኔ ከመምከሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚያደክማችሁ ኖታውን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባቱ ነው? ወይስ ገብቶ ካለቀ በኋላ ገጹን ማስተካከሉ? ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱን በቀላሉ የሚፈታ ፕሮግራም ሌላው ላይ ሊያንገላታችሁ ይችላል። ከኖታው ሥር የአማርኛ ግጥም የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ፊደላችንን እንዴት ይቀበለዋል የሚለው።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ለኳየርና ለትንሽ ባንድ የምትጽፉ ከሆነ ሚውዝስኮር ይበቃችኋል። ለትልቅ ኦርኬስትራ ወይም ብዙ ፓርት (ለየተጫዋቹ የሚወጣ ኖታ) ላለው ሥራ የምትጽፉና አቅሙ ያላችሁ ዶሪኮን ውሰዱ። አብራችሁት የምትሠሩት ስቱዲዮ ወይም ትምህርት ቤት በሲቤሊየስ የሚሠራ ከሆነ ሲቤሊየስን ተማሩ። አንድ ሙሉ የመዝሙር መጽሐፍ የምታዘጋጁና ኮድ የመሰለ ጽሑፍ የማያስፈራችሁ ከሆነ ሊሊፖንድ አለላችሁ። ምክንያቱ እነሆ።

እነማን አሉ?

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊናሌ በ1988 ወጥቶ ለረጅም ጊዜ የሙያተኞች ፕሮግራም ሆኖ ቆየ። ሲቤሊየስ በ1993 ተከተለው። ሁለቱ የገበያው አውራዎች ነበሩ። በ2012 የሲቤሊየስ ባለቤት አቪድ የለንደኑን የሠሪዎች ቢሮ ዘጋ። ከሥራ የወጡትን ሰዎች የያማሃ ንብረት የሆነው ስታይንበርግ ቀጠራቸው። እነሱም ከባዶ ተነሥተው በ2016 ዶሪኮን አወጡ። ስሙ የተወሰደው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ሙዚቃ ያትም ከነበረ ሰው ነው። ሲቤሊየስ ራሱ ግን አልሞተም፤ በአቪድ ሥር እስከ ዛሬ እየታደሰ ነው።

ፊናሌ ግን አብቅቷል። ኩባንያው ሜክሚውዚክ ኦገስት 26 ቀን 2024 ልማቱን እንዳቆመ አስታወቀ፤ ለተጠቃሚዎቹም ወደ ዶሪኮ በቅናሽ የሚሻገሩበትን መንገድ አመቻቸ። ስለዚህ ዛሬ ፊናሌን ልጀምር ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አትጀምሩ። ብዙ ሥራ በፊናሌ ያስቀመጣችሁ ሰዎችን በተመለከተ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሚውዝስኮር በነጻ የሚታደል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። እስከ ሦስተኛው እትም ድረስ ሙያተኞች ብዙም አይፈልጉትም ነበር። በዲሴምበር 2022 የወጣው አራተኛው እትም ይህን ቀየረው፤ የገጹ አቀማመጥም ሆነ የኖታው መልክ በጣም ተሻሻለ። አንድ ነገር ግን ለዩ። ፕሮግራሙ ራሱ ነጻ ነው። ሰዎች ኖታ የሚጋሩበት፣ በስሙ የሚጠራው ድረ ገጽ ደግሞ የደንበኝነት ክፍያ ይጠይቃል። ፕሮግራሙን ለማውረድ ካርድ የሚጠይቃችሁ ገጽ ካጋጠማችሁ የተሳሳተ ቦታ ናችሁ ማለት ነው።

ሊሊፖንድን ሁለት ሆላንዳውያን በ1996 ጀመሩት። ይኼም ነጻ ነው። ስታፍ (አምስቱ የኖታ መስመሮች) ላይ በመዳፊት ኖታ የምታስቀምጡበት ነገር የለውም። ኖታውን በጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ ፕሮግራሙ አንብቦ ገጽ ያወጣል።

ማስገባት ላይ

ከሊሊፖንድ በቀር ሁሉም በአንድ መንገድ ይጀምራሉ፤ የኖታውን ርዝመት በቁጥር፣ የኖታውን ስም በፊደል ትጫናላችሁ። ችግሩ ቁጥሮቹ አለመመሳሰላቸው ነው። 5 ቁጥርን ሚውዝስኮር ላይ ስትጫኑ ኳርተር ኖት ታገኛላችሁ። ዶሪኮ ላይ ኤይትዝ ኖት ነው። ሲቤሊየስ ላይ ሃፍ ኖት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። እጃችሁ እስኪለምድ ታገሡ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፎቹን ወደ ለመዳችሁት መቀየርም ይቻላል፤ ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ እንደገና ትቸገራላችሁ።

ሲቤሊየስ የተሠራው በቀኝ በኩል ራሱን የቻለ የቁጥር ሰሌዳ ላለው ኪቦርድ ነው። ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ያ ሰሌዳ የለም። ለላፕቶፕ የሚሆን የቁልፍ አደረጃጀት ቅንብሩ ውስጥ አለ፤ ፍጥነቱ ግን አንድ አይሆንም። ዋጋው ቀላል የሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ብትገዙ ይሻላል።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ስትሳሳቱ ነው። አንድ ዘፈን በጆሯችሁ እየሰማችሁ 40 ባር ጽፋችኋል እንበል። 12ኛው ባር ላይ አንድ ኤይትዝ ኖት እንደ ዘለላችሁ አሁን ገባችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ኤይትዝ ወደ ፊት ተስቧል።

ዶሪኮ ላይ የእንግሊዝኛውን አይ (I) ፊደል ትጫናላችሁ፤ መጨመሪያው ይከፈታል። የዘለላችሁትን ኖታ ታስገባላችሁ። ቀሪው ሁሉ ይገፋል፣ ባር የሚያቋርጠው ኖታ ራሱ ተከፍሎ በታይ (በማያያዣው ቅስት) ይያያዛል። በቃ። ሊሊፖንድ ላይም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ መሃል ኖታዋን ትከታላችሁ፣ ስታስኬዱት ሁሉም ቦታውን ይይዛል። እንዲያውም በየባሩ መጨረሻ ቀጥ ያለች መስመር ካስቀመጣችሁ፣ ምቱ ያልሞላ ባር ሲኖር ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሚውዝስኮር ላይ የተለመደው መጻፊያ አዲሱን ኖታ በነበረው ላይ ይደርበዋል። መጨመሪያ የሚባል ሞድ አለው፤ እሱ ግን የቀረውን አይገፋም፣ ያንን አንድ ባር ያስረዝመዋል። 6/8 የነበረው ባር ሰባት ኤይትዝ ይዞ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ከተሳሳታችሁበት እስከ መጨረሻው ምረጡ፣ በኮንትሮል ኤክስ ቁረጡ፣ አንድ ኤይትዝ ቀኝ ሄዳችሁ በኮንትሮል ቪ ለጥፉ። ግጥሙም አብሮ ይሄዳል። ሲቤሊየስም ላይ ቆርጦ መለጠፍ ይሠራል። ቀላል ነው፤ ግን በቀን አሥሬ ለሚያደርገው ሰው የዶሪኮ ዋጋ እዚህ ጋ ትርጉም ያገኛል። ጆሮ ላይ ተመሥርታችሁ የምትጽፉ፣ ማለትም ከቅጂ ሳይሆን ከካሴትና ከዩቲዩብ የምታወጡ ከሆነ፣ ይህ ከማንኛውም ነገር በላይ ያግዛችኋል።

ባልሞላ ባር የሚጀምር ዘፈን ሌላው የተለመደ ማነቆ ነው። ሚውዝስኮር ላይ አዲሱን ስኮር ስትከፍቱ ይጠይቃችኋል። ያኔ ካለፋችሁት የባሩን ባሕርይ ከፍታችሁ ትክክለኛ ርዝመቱን አሳጥሩ። በዝምታ ምልክት ሞልታችሁ ዝምታውን አትደብቁ፤ የባር ቁጥሩ ይዛባል። ዶሪኮ ላይ ምቱን ስትጽፉ 4/4 ካላችሁ በኋላ ኮማና 1 ብትጨምሩ አንድ ምት ያለው መግቢያ ይሠራላችኋል።

ቅኝቶቻችንና የሻርፕ መአት

በሚዲ ኪቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ ፒያኖ መሰል ኪቦርድ) የምታስገቡ ሰዎች ይህን ክፍል አንብቡልኝ። ትዝታ ከሲ ሲነሣ ምንም ችግር የለም፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ግን ፕሮግራሙ ይሳሳታል። ሚዲ የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥቁሯ ቁልፍ ሲ ሻርፕ ትሁን ዲ ፍላት አያውቅም።

አንቺ ሆዬን ከሲ ስትጽፉ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው። ኪ (ስታፉ መግቢያ ላይ የሚቀመጡትን የሻርፕ ወይም የፍላት ምልክቶች) ሳትመርጡ በሚዲ ካስገባችሁ ፕሮግራሙ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ አድርጎ ሊጽፍባችሁ ይችላል። ሲና ሲ ሻርፕ ስታፉ ላይ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጡት። ዜማው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ በየኖታው ፊት አንዴ ሻርፕ አንዴ ናቹራል ይደረደራል። ባሩ ይሰፋል፣ መስመሩ አይበቃም፣ ገጹ ይበዛል። ሰውዬው "ገጹ አልስተካከል አለኝ" ይላል፤ ጥፋቱ ግን ማስገባቱ ላይ ነበር።

መፍትሔው ከማስገባታችሁ በፊት ኪውን መወሰን ነው። አምስት ፍላት ያለውን ኪ ካስቀመጣችሁ ሁሉም በትክክለኛ ስሙ ይመጣል፤ ናቹራል የሚያስፈልጋት ኤ ብቻ ትሆናለች። አምባሰል ከሲ ሲነሣ፣ ማለትም ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ አራት ፍላት ያለው ኪ ውስጥ ያለ አንዳች ተጨማሪ ምልክት ይገባል። ሌላም መንገድ አለ። ሚውዝስኮር የራሳችሁን ኪ እንድትሠሩ ይፈቅዳል፤ ለአንቺ ሆዬ ዲና ጂ ላይ ብቻ ፍላት አድርጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ዶሪኮ ፕሮም ይህን ያደርጋል። ክራርና ማሲንቆ ለሚማር ሰው እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ቅኝቱን ገና ከመግቢያው ያሳየዋል። ሳክስፎንና ትራምፔት ያለበት ባንድ ከሆነ ግን በተለመደው ኪ ሂዱ። ለእነሱ ኪው መቀየር ስላለበት ልዩው ኪ ራስ ምታት ነው።

ቀድሞ ገብቶ የተበላሸውንም ማዳን ይቻላል። ሚውዝስኮር ላይ ኖታውን መርጣችሁ ጄ ስትጫኑ ስሙን ይቀይራል፤ ሲ ሻርፕ የነበረው ዲ ፍላት ይሆናል።

የአማርኛ ግጥም

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ነገር ቀላል ሆኖ የሚያደናግር ነው። ግጥም ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ትቀይራላችሁ። ግጥሙ ያልቃል። ወደ ኖታ ስትመለሱ ፕሮግራሙ አልታዘዝ ይላል፤ ኖታ አይገባም፣ ሾርትከቱ አይሠራም። የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የላቲን ፊደል ነው፣ እናንተ የምትልኩለት ደግሞ የግዕዝ ፊደል ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ ማክ ላይ ኮንትሮልና ስፔስ ቋንቋውን ይመልሱታል። ኮርድ ስትጽፉም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት የምመክረው ኖታውን በሙሉ ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ኮርዱን፣ በመጨረሻ ግጥሙን እንድትጽፉ ነው።

ሁለተኛው የቃላት አከፋፈል ነው። ሲቤሊየስ የእንግሊዝኛንና የጥቂት ሌሎች ቋንቋዎችን ቃል በድምፅ ክፍል ራሱ መከፋፈል ያውቃል። አማርኛን አያውቅም። አንዳንዱ ሰው "ፊደላችን አንዱ ለአንድ ኖታ ስለሆነ ችግር የለም" ይላል። ሃሌ ሉያ ላይ እውነቱን ነው፤ ሃ፣ ሌ፣ ሉ፣ ያ፤ አራት ፊደል፣ አራት ኖታ። እግዚአብሔር የሚለውን ግን ተመልከቱ። ሰባት ፊደል ነው፤ ሲዘመር አራት ነው፦ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር። ሳድሱ አንዳንዴ ከፊቱ ላለው ፊደል መዝጊያ ይሆናል፣ አንዳንዴ ራሱ ኖታ ይይዛል። "ሰላም" ላይ ም ዘጊ ነው፤ "ልቤ" ላይ ል ራሷን ችላ ትዘመራለች። ይህን የሚያውቅ ፕሮግራም የለም፤ ጆሯችሁ ነው የሚወስነው።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ግጥሙን መጀመሪያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ እጽፋለሁ። እያዜምኩ በየክፍሉ ጭረት አስገባለሁ፤ እግ-ዚ-አብ-ሔር፣ ሰ-ላም። ሁለት ነጥብ የቃል መለያ ያለበት የቆየ ጽሑፍ ከሆነ ሁሉንም በአንዴ በስፔስ እተካለሁ፤ ፕሮግራሞቹ ቃል የሚለዩት በስፔስና በጭረት ብቻ ነው። ከዚያ ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ ሚውዝስኮር ላይ የመጀመሪያውን ኖታ እመርጣለሁ፣ ኮንትሮል ኤል፣ ከዚያ ኮንትሮል ቪን ደጋግሜ። በእያንዳንዱ ጫን አንድ ክፍል ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ጭረቱም ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቃል ብዙ ኖታ ላይ የሚጎተት ከሆነ የታች ሰረዝ ትጫናላችሁ። ሁለተኛ አንቀጽ ለመጀመር ግጥሙ ላይ እያላችሁ ኢንተር። ዶሪኮ ላይ ሺፍት ኤል ይከፍተዋል፤ መለጠፉም ተመሳሳይ ነው። ሊሊፖንድ ላይ ፊደሉን በቀጥታ ትጽፋላችሁ፤ የቃል ክፍሎቹን የሚለየው ሁለት ጭረት ነው፣ ግራና ቀኙ ስፔስ ያለው። ሦስት አንቀጽ ያላቸው ብዙ መዝሙሮችን ለሚያስገባ ሰው ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጭረቱን "አያምርም" ብላችሁ አታጥፉት። ቃላትን በሁለት ነጥብ መለየት ስለተውን፣ ያለ ጭረት የተበታተነ ፊደል የት ቃል እንደሚያልቅ አይታወቅም። ዘማሪው እያነበበ ነው የሚዘምረው።

ሦስተኛው ፎንት ነው። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ግጥም ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል አመዘጋገብ) ስላልሆነ ኖታው ላይ ሲለጠፍ የላቲን ምልክቶች ዝርግፍ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ግድ ነው። ዩኒኮድ ሆኖም ቢሆን ሚውዝስኮር መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳያችኋል፤ እናንተ ጋ አንድ፣ ሌላ ሰው ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስታይል ውስጥ ገብታችሁ የግጥሙን ፎንት በስሙ ምረጡ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ይገኛሉ። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ እንደ ተጨማሪ የሚጫን ነው፤ በዚያው የነጥብ ቁጥር አነስ ብሎ ይታያል። ማክ ላይ ከፋ አለ። መጠኑን ከ10 ነጥብ ወደ 11 ወይም 12 ከፍ ማድረግ የኳየር አባላትን ዓይን ያሳርፋል። ለሰው ስትልኩ ደግሞ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አብራችሁ ላኩ።

ገጹ ላይ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ አቋም አለኝ። በመዳፊት አትጎትቱ። ግጥሙ ኖታ ነካ፣ ጎተት። ኮርዱ ተደረበ፣ ጎተት። ነገ አንድ ባር ስትጨምሩ መስመሩ ሁሉ ይዛወርና የጎተታችሁት ነገር ሁሉ የማይሆን ቦታ ይቀራል። ማስተካከያው ደንብ ላይ ነው መሠራት ያለበት፤ አንዴ ታስተካክላላችሁ፣ ለሁሉም ይሠራል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በሁለት ስታፍ የተጻፈ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው የኳየር መዝሙር ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ባር ብቻዋን ሦስተኛ ገጽ ላይ ወድቃለች። ሚውዝስኮር ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ የወረቀቱን መጠን እዩ። አሜሪካ ካለ ዘማሪ የመጣ ፋይል ብዙ ጊዜ ሌተር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚታተመው ኤፎር ነው። ኤፎር ረዘም ስለሚል መጠኑን መቀየር ብቻውን ባሯን ሊመልሳት ይችላል። ካልሆነ በስታፉ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ቀንሱ፤ 1.75 ሚሊሜትር የነበረውን 1.6 አካባቢ አድርጉት። ከ1.5 በታች ግን አትውረዱ፤ በመብራት ጥግ ቆሞ የሚዘምር ሰው አያነበውም። ሦስተኛ፣ በግጥም መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ስታይል ውስጥ አጥብቡ። አራተኛ፣ ባሮቹን መርጣችሁ የባሩን ስፋት ቀንሱ። እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው መስመር የት እንደሚቆረጥ በኢንተር የምትወስኑት። አዲሶቹ እትሞች ላይ መስመሩን እንዳለ መቆለፍም ይቻላል፤ ኋላ የምታደርጉት ለውጥ አይበትነውም።

ግጥም ያለበት ገጽ የሚሰፋው በኖታው ሳይሆን በፊደሉ ነው። "ሔር" ከአንዲት ኤይትዝ ኖት ሥር ስትገባ ኖታዋን ትገፋታለች። ዜማው እኩል ምት ሆኖ ሳለ ኖታዎቹ አንዴ የተራራቁ አንዴ የተጠጋጉ ይመስላሉ። በዚህ ላይ ዶሪኮ ከሁሉም የተሻለ ነው። ግጥሙን ትንሽ ወደ ጎን እያሸሸ የኖታውን ርቀት ይጠብቃል። ሚውዝስኮር ላይ ፎንቱን በግማሽ ነጥብ መቀነስ ወይም በየመስመሩ አንድ ባር ማሳነስ ነው የሚሻለው።

ዶሪኮ ሥራውን በክፍል ይለያያል፤ መጻፊያው አንድ ቦታ፣ የገጹ ማስተካከያ ሌላ ቦታ። ጀማሪን ያደናግራል። ስትለምዱት ግን ገጽ ስታስተካክሉ ኖታ የመንካት አደጋ የለም። በአንድ መስመር ስንት ባር፣ በአንድ ገጽ ስንት መስመር ብላችሁ በቁጥር ታዛላችሁ። የገጹ ሙሉ ቁጥጥር ያለው ግን በሚከፈልበት ፕሮ እትም ነው። ነጻው እትም ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ ለኅትመት ግን ሚውዝስኮር ከእሱ የበለጠ ነጻነት ይሰጣችኋል።

ሲቤሊየስ ምልክቶች እንዳይደራረቡ ራሱ የሚያሸሽበት ዘዴ ከ2009 ጀምሮ አለው። በጣም ጥሩ ነው። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ፋይል ላይ ርቀቶቹ ተበላሽተው ካገኛችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ኮንትሮል ሺፍት ኤን ተጫኑ፤ የኖታ ርቀቱን ከአዲስ ያሰላል።

ፓርት ማውጣት ላይ ሁሉም ዛሬ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። ስኮሩ (የሁሉም መሣሪያ ኖታ አብሮ የሚታይበት ገጽ) ላይ የቀየራችሁት ፓርቱ ላይ ይቀየራል። ለ30 ሙዚቀኛ የምትጽፉ ከሆነ ግን ዶሪኮ ፕሮ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ሁለት ፍሉት ለየብቻ ጽፋችሁ ስኮሩ ላይ በአንድ ስታፍ አጣምሮ ያሳያችኋል፤ ፓርቶቹ እንደተለያዩ ይቀራሉ።

6/8 እና ችክችካ

ችክችካ 6/8 ሲጻፍ ሁሉም ፕሮግራም ኤይትዞቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ያስራል። ከበሮው ላይ ልክ ነው። ዜማው ወይም ቤዙ ግን ሁለት ሁለት እየቆጠረ ሲሄድ ይህ አስተሳሰር አንባቢውን ያሳስታል። ባሩ እኩል ስድስት ኤይትዝ ስለሆነ፣ ያን ስታፍ ብቻ 3/4 ማድረግ ይቻላል። ሚውዝስኮር ላይ የምት ምልክቱን ኮንትሮል ይዛችሁ ስታፉ ላይ ጣሉት። ዶሪኮ ላይ ምቱን ጽፋችሁ በኢንተር ፈንታ ኦልት ኢንተር። ለጥቂት ባር ብቻ ከሆነ ምት ከመቀየር ማሰሪያውን በእጅ ማስተካከል ይበቃል።

የዜማ ምልክቶችን የሚጠይቁ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎችም አሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ በዩኒኮድ ውስጥ አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ግን ለአምስት መስመር ኖታ ነው። ለንባብ ጽሑፍ በላዩ ምልክት ማድረግ ከፈለጋችሁ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ይሻላችኋል።

ኪስና ኮምፒውተር

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ዋጋው ብቻ ሳይሆን አከፋፈሉም ጥያቄ ነው። በውጭ ምንዛሪ በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ ለብዙዎቻችን አይመችም። ሲቤሊየስ በደንበኝነት መሸጥን ያዘወትራል። ዶሪኮን አንዴ ገዝታችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ሊገዛላችሁም ይችላል። ከተሰበረ ቅጂ ግን ራቁ። ቫይረሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከሥራ ባልደረባችሁ አዲስ እትም ጋር አይግባባም።

ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ከሆነ ሊሊፖንድ ከሁሉም ቀላል ነው። ሊኑክስ ያላችሁ ዶሪኮንና ሲቤሊየስን እርሷቸው። ስልክ ብቻ ያለው ደግሞ በብሮውዘር የሚሠሩትን ፍላትንና ኖትፍላይትን ይሞክር፤ ለአንድ ዜማና ለኮርድ ይበቃሉ። የሚውዝስኮር የስልክ መተግበሪያ ለማንበብ ነው፤ አትድከሙበት።

የሚያሰሙትን ድምፅ መመዘኛ አታድርጉት። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ነው።

ከፊናሌ ለምትሻገሩ

ፕሮግራሙ ኮምፒውተራችሁ ላይ እየሠራ ሳለ ሁሉንም ፋይል በሚውዚክኤክስኤምኤል (የኖታ ፕሮግራሞች ሥራ በሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) አውጡ። ነገ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም ዊንዶውሱ ሲታደስ ፊናሌ ላይከፈት ይችላል። ለእያንዳንዱ ሥራ ፒዲኤፍም አውጡ፤ ገጹ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳያችሁ እሱ ብቻ ነው።

ሚውዚክኤክስኤምኤል ኖታውን፣ ግጥሙንና ኮርዱን ይወስዳል። የገጹን ውበት አይወስድም፤ ያን እንደገና ትሠራላችሁ። የፊናሌን ፈጣን ማስገቢያ የለመደ፣ ስሙን ቀድሞ ርዝመቱን ኋላ የሚጫን ሰው፣ ዶሪኮ ላይ ያንኑ አሠራር ማብራት ይችላል። ወደ ሚውዝስኮር መሄድም ነውር የለውም፤ በተለይ ገጾቻችሁ በአብዛኛው የመዝሙርና የመማሪያ ከሆኑ።

ከገባ በኋላ ፒዲኤፉን ጎን ለጎን ከፍታችሁ አራት ነገር ፈትሹ። የመጀመሪያው ያልሞላው ባር እንዳለ መሆኑን። የመደጋገሚያ ምልክቶቹ የት እንደቆሙ። ኮርዶቹ ኮርድ ሆነው ነው ወይስ ተራ ጽሑፍ፤ ተራ ጽሑፍ ከሆኑ ኪ ስትቀይሩ አብረው አይቀየሩም። በመጨረሻ የሁለተኛው አንቀጽ ግጥም፤ ድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ተጽፎ ከነበረ እንደገና መተየብ አለበትና፣ ከመድረክ በፊት በቂ ጊዜ ያዙለት።